ቁልቁለቱን በእግር፣ ዳገቱን በፈረስ፦ የወንጪ ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ተራራ ላይ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው። እዚያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ወይ ስለ ሐይቁ ያወራል፣ ወይ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለተላጠ ጭኑና ስለ ራስ ምታቱ። ልዩነቱን የሚፈጥረው ዕድሜ ወይም ጥንካሬ አይደለም። ዝግጅትና ቅደም ተከተል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ አርፍዶ ይነሳል። እኩለ ቀን ላይ ከሐይቁ በላይ ያለው አፋፍ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ የቀረበለት ፈረስ ላይ ይወጣል። ቁልቁለቱን በፈረስ እየተንገጫገጨ ይወርዳል። ሐይቁ ዳር ሲደርስ ወገቡ ተንቀጥቅጦ አልቋል፣ ከዚያ "ፈረስስ በቃኝ" ብሎ ዳገቱን በእግሩ ይጀምራል። ግማሽ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ዳመናውም ይከብዳል።

መፍትሔው ግልብጡ ነው። ቁልቁለቱን በእግራችሁ ውረዱ፣ ዳገቱን በፈረስ ውጡ። ከታች ያለው ሁሉ ይህንን በሥርዓት ለማድረግ የሚረዳ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱም ይደርቃል። መጋቢትና ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል፣ ግን ይሞከራል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ግን ለዚህ ጉዞ አትምረጡት። የወንጪ ቁልቁለት ሲረጥብ ሰውም ፈረስም ያንሸራትታል፣ ጉሙም ሐይቁን ቀኑን ሙሉ ሊሸፍነው ይችላል።

ይህ በተለይ ከውጭ ለሚመጡ ቤተሰቦች ጠቃሚ ነው። ብዙዎች የልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይመጣሉ። ያ የዝናቡ ልብ ነው። ወንጪን ካሰባችሁ ለገና ወይም ለጥምቀት ስትመጡ ያዙት።

ከተቻለ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ቀን ሂዱ። ቅዳሜና እሁድ ጎብኚ ይበዛል። እሁድ ከሰዓት የሚሰጣችሁ ፈረስ ከጠዋት ጀምሮ ሲወጣና ሲወርድ የዋለ ሊሆን ይችላል።

የመንገዱን ጸጥታ ሁለት ጊዜ ጠይቁ። አንዴ ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት፣ አንዴ በዕለቱ ጠዋት። መጠየቅ ያለባችሁ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ሳይሆን ወሊሶ፣ አምቦ ወይም ወንጪ ራሱ ያለ ሰው ነው። መልሱ "ትንሽ ነገር አለ" ከሆነ ቀኑን ቀይሩ። ሐይቁ የትም አይሄድም።

ደረጃ 2፦ ሰውነታችሁን አዘጋጁ

አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሐይቁ ራሱ ወደ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። በ3,000 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 30 በመቶ ያህል ያንሳል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ልዩነቱ ብዙም ላይሰማው ይችላል። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ሰው ግን በደንብ ይሰማዋል።

1. ከዝቅተኛ ቦታ የመጣችሁ፣ አዲስ አበባ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሌሊት እደሩ። ከአውሮፕላን ወርዶ በማግስቱ ወንጪ መሄድ ራስ ምታትን መጋበዝ ነው።
2. ከሳምንት በፊት እንጦጦ ውጡ። እንጦጦም 3,000 ሜትር ይደርሳል፣ ስለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ሁለት ሰዓት ተራመዱ፣ በተለይ ቁልቁለቱን። ጉልበት የሚያሳምመው መውረዱ ነውና ጡንቻው አስቀድሞ ይልመደው።
3. ፈረስ ላይ ተቀምጣችሁ የማታውቁ ከሆነ እዚያው እንጦጦ ፓርክ ለጥቂት ደቂቃ ሞክሩ። ፍርሃቱ ሜዳ ላይ ቢወጣላችሁ ይሻላል።
4. በዋዜማው አልኮል አትጠጡ። የመጠጥ ራስ ምታትና የከፍታ ራስ ምታት ስለሚመሳሰሉ የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም፣ ያልተረጋጋ አስም ወይም የዲስክ ችግር ያለበት ሰው ፈረሱን ይተወው። ወደ ሐይቁ መውረድን ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ይማከርበት። አፋፉ ላይ ቆሞ ማየት ብቻውን የሚያረካ ነው። ማንንም "ና፣ ምንም አትሆንም" እያላችሁ አትጎትቱ።

ደረጃ 3፦ ልብስና ቦርሳ

*ሱሪ።* ጂንስ አትልበሱ። ውስጡ ያለው ወፍራም ስፌት ኮርቻ ላይ ጭንን ይልጣል፣ ከረጠበም አይደርቅም። ለስላሳ፣ የሚለጠጥ ረጅም ሱሪ ይሻላል። ከሥሩ ጠባብ የስፖርት ቁምጣ ብትደርቡ የጭን መላጥ በጣም ይቀንሳል። ቫዝሊን ያዙ።

*ጫማ።* እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለእግር ጉዞ ጥርሱ የሚይዝ ሶል ይፈለጋል። ለፈረስ ግን በጣም ሰፊና ወፍራም ቡትስ አደገኛ ነው። እርካቡ ውስጥ ከተቀረቀረና ከወደቃችሁ ፈረሱ ይጎትታችኋል። መካከለኛውን ምረጡ፦ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ግን ጠበብ ያለ። ሸበጥና አዲስ የተገዛ ጫማ አይሆኑም።

*ሄልሜት።* ቦታው ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። የብስክሌት ሄልሜት ካላችሁ ያዙት። ለፈረስ ተብሎ የተሠራውን ያህል ባይሆንም ከባዶ ራስ እጅግ ይሻላል። ለልጅ ከሆነ ግዴታ አድርጉት። ሄልሜት ከሌለ ልጁ ፈረስ ላይ አይውጣ።

*ሙቀትና ዝናብ።* ጠዋት ይበርዳል፣ እኩለ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ከሰዓት ሊዘንብ ይችላል። ስለዚህ ደራርባችሁ ልበሱ። ስስ ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ያስፈልጋሉ። ጃንጥላ ፈረስ ላይ አትዘርጉ። ድንገት ሲከፈት ፈረሱን ያስደነብረዋል። የሚንቀጫቀጭ ፌስታልም እንደዚሁ ነው።

*ምግብና ውሃ።* ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ። የሚያጋጥማችሁን ምንጭ ሁሉ "ማዕድን ነው" ብላችሁ አትጠጡ። ለምግብ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብርቱካን ይበቃል። በሶ በውሃ ተበጥብጦ ዳገት ላይ የሚሰጠውን ጉልበት የትኛውም ብስኩት አይሰጥም።

*ሌላ።* ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የራስ ምታት ክኒን፣ ሳሙና፣ ባትሪ፣ የተሞላ ስልክ፣ ዝርዝር ብር። በቴሌብር ብቻ አትመኑ፣ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል። ሴቶች ነጠላ ያዙ፣ ሐይቁ ውስጥ ባለው ደሴት ቤተ ክርስቲያን ያስፈልጋችኋል።

ሁሉም በጀርባ ቦርሳ ይግባ፣ ቦርሳው ወገብ ላይ የሚታሰር ይሁን። የትከሻ ቦርሳ ፈረስ ላይ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ሚዛን ያስታል።

ደረጃ 4፦ መንገዱ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ ይደርሳል፣ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ተራራው ይወጣል። ሌላው በሆለታና በጊንጪ አድርጎ አምቦ ይደርሳል። ከአምቦ ወንጪ ትንሽ ይቀርባል። በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ያምራል፣ ግን የሁለቱንም መንገድ ጸጥታ ካጣራችሁ ብቻ።

1. ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት ውጡ። ከ12 ሰዓት በኋላ ከተነሳችሁ የከተማው መውጫ ላይ ትያዛላችሁ።
2. ወሊሶ ወይም አምቦ ላይ ነዳጅ ሙሉ፣ ቁርስ ብሉ፣ ሽንት ቤት ግቡ።
3. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ አፋፉ ላይ ሁኑ።

በሕዝብ ትራንስፖርት የምትሄዱ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አትሞክሩ። ወሊሶ ወይም አምቦ እደሩና በማግስቱ በጠዋት ውጡ። ከሰዓት በኋላ ከወንጪ የሚመለስ መኪና እጠብቃለሁ ማለት ሌሊት መንገድ ላይ መቅረት ሊሆን ይችላል።

ከጠዋቱ 5 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ፦ ዕቅዱን አሳጥሩት። ደሴቱንና ከሐይቁ ማዶ ያለውን ፍል ውሃ ተዉት። ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ ብቻ ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ አስጎብኚና ፈረስ ስትይዙ

መጀመሪያ ወደ አካባቢው አስጎብኚዎች ቢሮ ሂዱ። መንገድ ላይ ልጓም ይዞ የሚሮጥላችሁን የመጀመሪያ ልጅ አትከተሉ። በቢሮው በኩል ሲሆን ተራ አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ ችግር ቢፈጠር የሚጠየቅ ሰው አለ። ገንዘቡም ለብዙ ቤተሰብ ይዳረሳል።

ፈረስ ላይ ሳትወጡ እነዚህን ተስማሙ፦

1. ዋጋው ለአንድ መንገድ ነው ወይስ ለደርሶ መልስ? እናንተ የምትፈልጉት ለመውጫው ነው። "ፈረሱ ባዶውን ወርዶ ታች ይጠብቀን" በሉ።
2. ታች የት ይጠብቃችኋል? ብዙ ጊዜ ጎብኚ በጀልባ ተሻግሮ በሌላኛው ዳር ይወጣል። ፈረሱ በየትኛው ዳር እንደሚሆን በግልጽ ተነጋገሩ። አለመግባባት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።
3. የመጠበቂያው ክፍያ ዋጋው ውስጥ አለ? የጀልባውስ?
4. ፈረሱን ማን ይስባል? ጀማሪ ከሆናችሁ ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ሳቢ ይኑር። አንድ ልጅ ሁለት ፈረስ ሊስብ አይገባም።
5. ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ላይ ስትመለሱ ክፈሉ።

ሰዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው፣ አማርኛም ብዙዎቹ ይሰማሉ። ቢሆንም "አካም" ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ ትልልቆቹን "ኦቦ" በሏቸው። ፈረሱ ሲፈጥንባችሁ "ሱታ" በሉ፣ ሳቢው ወዲያው ያዘገየዋል። ስትጨርሱ "ገለቶማ" (አመሰግናለሁ)።

ደረጃ 6፦ ፈረሱን መርምሩ

ይህንን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ያፍራል። አትፈሩ፣ አታፍሩበትም። ፈረሱን አክብሮ የሚያይ ሰው ባለቤቱን አያስቀይምም። ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ፈረስ የሚወደድበት አገር ነው። በደንብ የያዘ ባለቤት ፈረሱ ሲታይለት ደስ ይለዋል።

1. ጀርባውን እዩ። ኮርቻው እንዲነሳ በትህትና ጠይቁ። ቁስል፣ የተላጠ ቦታ፣ እብጠት ካለ ያ ፈረስ አይሆንም። ገጣባ ፈረስ ላይ መቀመጥ እንስሳውን ማሠቃየት ነው። ለእናንተም አደጋ ነው፣ ምክንያቱም ሲያመው ይዘላል።
2. እግሩን እዩ። ጥቂት እርምጃ እንዲያስኬዱት ጠይቁ። ራሱን በየእርምጃው የሚያወርድ የሚያወጣ ከሆነ ያነክሳል ማለት ነው።
3. ዓይንና ጆሮውን እዩ። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥ አድርጎ የሚያጣብቅ ፈረስ ተናዷል። ጆሮው የሚንቀሳቀስ፣ ዓይኑ የረጋ ይሁን።
4. ጾታውን ጠይቁ። ድንጉላ ፈረስ ባዝራ ባለችበት ቡድን ውስጥ ያስቸግራል። ለጀማሪ የተኮላሸ ወይም ዕድሜው የገፋ ፈረስ ይሻላል።
5. ዕቃውን ፈትሹ። ጠፍሩ (ኮርቻውን በሆዱ ሥር የሚያስረው ማሰሪያ) ያልተበጣጠሰ፣ ልጓሙ ያልተቀጠለ፣ ሁለቱ እርካቦች እኩል ይሁኑ። ከኮርቻው ሥር ወፍራም ልብስ መነጠፉን እዩ።
6. ከእርካቡ ጋር ጫማችሁን ለኩ። በጫማው ግራና ቀኝ ቢያንስ አንድ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ከጠበበ እርካቡን አትጠቀሙ። እግራችሁን አንጠልጥላችሁ በሳቢ ሂዱ፣ ወይም ሌላ ኮርቻ ጠይቁ።

ስለ ክብደት በግልጽ እንነጋገር። የደጋ ፈረሶቻችን ትንንሽ ናቸው። ብዙዎቹ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። በፈረስ ጤና የተለመደው መመሪያ፣ ጭነቱ ኮርቻውን ጨምሮ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ አካባቢ እንዳያልፍ ነው። ያ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ብቻ ነው፣ አብዛኛው አዋቂ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ከዚያ የሚከብድ ሰው ትልቁን ፈረስ ይምረጥ፣ በጣም ገደል የሆነውን ክፍል ይውረድና በእግሩ ይሂድ። ከ90 ኪሎ በላይ ከሆናችሁ ፈረሱን ለቦርሳችሁ ብቻ ያዙት። ይህ ማንንም ለማሳፈር አይደለም። የከበደው ፈረስ ዳገት መሃል ይቆማል፣ ከቆመ ደግሞ ችግሩ የሁላችሁም ነው።

ልጅ ለብቻው በሳቢ ይቀመጥ። አዋቂ ከፊቱ ልጅ አቅፎ አይሂድ። አንድ ሰው ቢወድቅ ሁለት ነው የሚወድቀው።

ፈረሱን ካልወደዳችሁት፦ "ይቅርታ፣ ሌላ ይቀየርልኝ" በሉ። ሌላ ከሌለ በእግር ውጡ። ዋጋ ቅነሳ ተቀብላችሁ በቆሰለ ፈረስ አትሂዱ።

ደረጃ 7፦ በእግር ውረዱ

ለምን በእግር? ፈረስ ቁልቁል ሲወርድ ክብደታችሁ በአብዛኛው ወደ ፊት እግሮቹ ይሄዳል። ኮርቻው ወደ አንገቱ ይንሸራተታል። ያኔ ፈረሱ ቢሰናከል የምትወድቁት በራሱ ላይ ተሻግራችሁ፣ ወደ ገደሉ ነው። በእግር ስትወርዱ ደግሞ ትንፋሽ ብዙ አያስፈልግም፣ ስለዚህ ከፍታው አይጎዳችሁም።

1. የጫማችሁን ማሰሪያ ከላይ በደንብ አጥብቁ። ጣታችሁ ከፊት እንዳይገጭ ነው፣ ጥፍር የሚጠቁረው በዚህ ነው።
2. ዱላ ያዙ። አፋፉ ላይ የሚከራይ ወይም የሚሸጥ ካለ አትለፉት።
3. ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፣ እርምጃችሁ አጭር ይሁን። አትሩጡ።
4. ወደ ላይ የሚመጣ ፈረስ ስታዩ በተራራው በኩል ቁሙ። በገደሉ በኩል ከቆማችሁ ፈረሱ ሲጠጋ ገፍቶ ሊጥላችሁ ይችላል።
5. በአቋራጭ አትግቡ። አቋራጩ የሰው እንሰትና ማሳ ነው፣ አፈሩም ይንሸራተታል።
6. በየ20 ደቂቃው ቁሙና ውሃ ጠጡ።

በዝግታ ከሄዳችሁ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ፎቶ ማንሳት ስትፈልጉ ቁሙ። እየተራመዱ ስልክ ማየት እዚህ ቦታ ላይ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።

ጉልበታችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፦ ተቀመጡ፣ 10 ደቂቃ አሳርፉት፣ ከዚያ በጎን በጎን እየረገጣችሁ ውረዱ። ካልቆመ ወደ ሐይቁ አትቀጥሉ፣ ፈረሱን አስጠሩና ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ ሐይቁ ዳር

ሰዓታችሁን እዩ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መውጣት መጀመር አለባችሁ። የቀረውን በዚህ ልክ አብቃቁት።

ጊዜ ካለ በጀልባ ወደ ቂርቆስ ደሴት ተሻገሩ። ጀልባው ላይ ከመጠን በላይ ሰው ከተጫነ አትሳፈሩ፣ ቀጣዩን ጠብቁ። የነፍስ አድን ጃኬት ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ጫማ ይወለቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ ፎቶ በፈቃድ ነው። ከደሴቱ ወደ ሌላኛው ዳር ተሻግራችሁ ፍል ውሃውንና የውሃ ወፍጮዎቹን ማየት ይቻላል፣ ያ ግን ተጨማሪ ሰዓት ይወስዳል። ሁሉንም ልይ ብሎ መሮጥ አያስፈልግም። አንዱን በደንብ ማየት ይሻላል።

ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ከዳሩ ራቅ ሲል ቶሎ ይጠልቃል።

ምሳ ቀለል ያለ ይሁን። ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት እረፉ፣ ከዚያ ወደ ፈረሱ ሂዱ።

ደረጃ 9፦ በፈረስ ውጡ

1. ወደ ፈረሱ ከትከሻው በኩል ቅረቡ፣ እያወራችሁ። ከኋላው አትምጡ፣ ይራገጣል።
2. ባለቤቱን "በየትኛው ጎን ነው የለመደው?" ብላችሁ ጠይቁ። በለመደው ጎን ውጡ።
3. ከመውጣታችሁ በፊት ጠፍሩ ይጥበቅ። ከ10 ደቂቃ ጉዞ በኋላ ቆማችሁ እንደገና አስጠብቁት። ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል፣ ቆይቶ ሲተነፍስ ጠፍሩ ይላላል። ኮርቻ ዞሮ ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።
4. ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆማችሁ ውጡ። ለፈረሱ ጀርባም ለእናንተም ይቀልላል። ኮርቻው ላይ ዘጭ አትበሉ፣ በቀስታ ተቀመጡ።
5. እርካቡ ውስጥ የጫማችሁን የፊት ክፍል ብቻ አስገቡ። ተረከዝ ወደ ታች ይሁን።
6. ዳገቱ ቀጥ ሲል ወደ ፊት ጎንበስ በሉና ጋማውን ያዙ። ጋማውን መያዝ ፈረሱን አያሳምመውም። ልጓሙን እየሳቡ ሚዛን መጠበቅ ግን አፉን ያቆስለዋል፣ ወደ ኋላም ያስኬደዋል።
7. ልጓሙን ላላ አድርጉለት። ዳገት ላይ ፈረስ ራሱን ዝቅ አድርጎ መንገዱን ማየት አለበት። የት እንደሚረግጥ ከእናንተ ይልቅ ያውቃል።
8. ከፊት ካለው ፈረስ የአንድ ፈረስ ቁመት ያህል ራቁ።
9. በእርምጃ ብቻ ሂዱ። ሶምሶማም ግልቢያም የለም። ላይ ሜዳ ስትደርሱ ልጆቹ "እንጋልብ?" ቢሏችሁ ጀማሪ ከሆናችሁ እምቢ በሉ።
10. በየ15 ደቂቃው ፈረሱ ይተንፍስ። ላቡ ከተንጠባጠበ፣ አፍንጫው በጣም ከተነፋ ውረዱና ከጎኑ ተራመዱ።
11. በመንገዱ ላይ ቁልቁለት ካጋጠማችሁ ውረዱ። አጭር ቢሆንም።

ጅራፍ እንዲያበዙበት አትፍቀዱ። "ተዉት፣ አልቸኮልንም" ማለት ይበቃል።

ደረጃ 10፦ ነገር ሲበላሽ

ኮርቻው ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ሲሸሽ። ወዲያው "አቁም!" በሉ፣ ውረዱ፣ ይስተካከል። "እስከዚያች ዛፍ ድረስ" አይባልም።

ፈረሱ አልሄድም ሲል። በተረከዝ አትደብድቡት። ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ድንጋይ ኮቴው ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ፊት ለፊቱ የሚፈራው ነገር ይኖራል። ውረዱ፣ ሳቢው ይመልከተው።

ፈረሱ ሲሸሽ። አትጩሁ፣ አትዝለሉ። ወደ ኋላ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ጋማውን በአንድ እጅ ያዙ። ልጓሙን ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ደግሞ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁ። ሜዳ ከሆነ አንዱን ጎን ስባችሁ በክብ አዙሩት። ጠባብ መንገድ ላይ ግን ለማዞር አትሞክሩ፣ ገደል አለ። ዳገቱ ራሱ ያደክመዋል።

ሰው ሲወድቅ። ወዲያው አታንሱት። እጅና እግሩን ያንቀሳቅስ፣ አንገቱን ያምመው እንደሆነ ጠይቁት። አንገት ወይም ጀርባ ካመመው፣ ወይም እጅና እግሩ ከደነዘዘ አታንቀሳቅሱት፣ ሰው ጥሩ። ጭንቅላቱ ተመትቶ ከዚያ ካስመለሰው፣ ከተደናገረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ጉዞው አብቅቷል። ወደ ሆስፒታል ነው። ወሊሶ ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል አለ፣ አምቦም ሆስፒታል አለ። ቁስል ካለ በውሃና በሳሙና እጠቡት፣ የቲታነስ ክትባት ጉዳይም እዚያ ይታይ።

የከፍታ ሕመም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ሲጀምር ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ እረፉ። ካልተሻለ ከዚህ በላይ አትቆዩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሐይቁ ዳር መውረድ መፍትሔ አይደለም፣ እሱም 2,900 ሜትር ላይ ነው። መፍትሔው መኪና ውስጥ ገብቶ ወደ ወሊሶ ወይም አምቦ መውረድ ነው። ሁለቱም ወደ 2,100 ሜትር አካባቢ ናቸው። ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚምታታ ሰው ካለ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ።

ነጎድጓድ ሲመጣ። ከፈረስ ውረዱ። ከአፋፉና ለብቻው ከቆመ ዛፍ ራቁ። ጀልባ ላይ ከሆናችሁ ወደ ዳር ውጡ። ቤት ወይም መኪና ካለ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትንቀሳቀሱ።

ጉም ሲሸፍናችሁ። ተቀራረቡ፣ ከዋናው መንገድ አትውጡ፣ አስጎብኚው ከፊት ይሁን። ማንም "እኔ አውቀዋለሁ" ብሎ አይቅደም።

ውሻ ከነከሰ። ትንሽ ጭረት ቢሆንም ቀላል አይደለም። በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዳችሁ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። "የታወቀ ውሻ ነው" የሚለው ማስተማመኛ አይሆንም።

ፈረሰኛው ቃሉን ቢቀይር። ዳገት መሃል አትከራከሩ። ላይ ስትደርሱ ቢሮው ጋ ተነጋገሩ። ደረሰኝ የያዛችሁት ለዚህ ነው።

ደረጃ 11፦ ላይ ስትደርሱ

ከፈረሱ ስትወርዱ ሁለቱንም እግር ከእርካብ አውጡና ከዚያ ተንሸራተቱ። መሬት ስትረግጡ ጉልበት ይከዳል፣ ስለዚህ ኮርቻውን እንደያዛችሁ ትንሽ ቁሙ። ቀሪውን ክፈሉ፣ ለሳቢው በእጁ ጉርሻ ስጡት። የያዛችሁትን ላስቲክና ጠርሙስ መኪናው ውስጥ መልሱ፣ ሜዳው ላይ የቀረ ፌስታል የከብትና የፈረስ ሆድ ውስጥ ይገባል።

ከ10 ሰዓት በፊት መኪናው ይነሳ። መሪውን የሚይዘው ዳገቱ ያደከመው ሰው መሆን የለበትም። የሚነዳ ሰው አስቀድማችሁ መድቡ፣ እሱ አፋፉ ላይ ቆይቶ ይረፍ።

ማታ ቤት ስትገቡ ጭናችሁን በለብታ ውሃ ታጥባችሁ አድርቁና ቅባት አድርጉ። በማግስቱ ቀጥ ብላችሁ አትተኙ፣ ግማሽ ሰዓት ሜዳ ላይ ተራመዱ።

ይህ ከተሳካላችሁ ቀጣዩ ደንዲ ነው። መነሻው ጊንጪ ነው፣ ሁለት የተያያዙ ሐይቆች አሉት። ጎብኚ ስለማይበዛበት ለኪራይ የተዘጋጀ ፈረስ ላታገኙ ትችላላችሁ። ለዚያኛው አስጎብኚ አስቀድማችሁ ጊንጪ ላይ ያዙና በእግር ሂዱ።